ቅጥሩን የሠራው ሰሎሞን አይደለም፦ ስለ ኢየሩሳሌም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ያፋ በር ላይ ቆሜ ተሳላሚዎችን መቀበል ከጀመርሁ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ከአዲስ አበባም ይምጡ፣ ከዋሽንግተንም ይምጡ፣ ነገሩ ሁልጊዜ በአንድ መልክ ይጀመራል። ከአውቶቡስ ይወርዳሉ፤ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፤ ቀና ብለው ቅጥሩን ያያሉ፤ ከዚያም ከመካከላቸው አንዱ፣ ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋውና የሚደመጠው ሰው፣ «አያችሁ፣ ንጉሥ ሰሎሞን ያሠራው ይህ ነው» ይላል። የቀሩት ያማትባሉ፤ ጥቂቶቹም ቀርበው ድንጋዩን ይሳለማሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ እንግዳን በመጣበት ቀን ማሳፈር ነውር መስሎ ስለሚታየኝ፣ ዝም እል ነበር። ዝምታዬ ምን እንዳስከተለ ካየሁ በኋላ ግን ትቼዋለሁ፤ ምን እንዳስከተለም ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

«ይህን ቅጥር ያሠራው ንጉሥ ሰሎሞን ነው»

አይደለም። ዛሬ አሮጌውን ከተማ ከብቦ የሚታየው ቅጥር የኦቶማን ቱርኩ ሱልጣን ሱሌይማን ያሠራው ሲሆን ሥራው የተከናወነው ከ1537 እስከ 1541 ባሉት ዓመታት ነው። ርዝመቱ አራት ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍታውም በአማካይ 12 ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬ ሰው የሚገባባቸው ሰባት በሮች አሉት። የስሕተቱ ምንጭ ስሙ ይመስለኛል። ሱሌይማን ማለት ሰሎሞን የሚለው ስም በዐረብኛና በቱርክኛ የሚጠራበት መንገድ ነውና አስጎብኚው «ሱሌይማን» ሲል ተሳላሚው «ሰሎሞን» ብሎ ይሰማል። በሁለቱ ሰዎች መካከል ግን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል አለ።

ዘመኑን በእኛው ታሪክ ብናየው ነገሩ ይበልጥ ይገባል። እነዚህ ድንጋዮች ሲደረደሩ ሀገራችን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ዐፄ ልብነ ድንግል በ1540 በደብረ ዳሞ ሲያርፉ ግንበኞቹ ገና ሥራቸውን አልጨረሱም ነበር። ስለዚህ ይህ ቅጥር ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ሲተያይ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሚያንስ ልጅ ነው፤ ለጎንደሩ የፋሲል ግንብ ደግሞ በመቶ ዓመት ገደማ ታላቁ ነው። ላስታን ተሳልሞ የመጣ ሰው ከዚህ ቅጥር እጅግ የሚበልጥ ጥንታዊ ነገር አገሩ ላይ ዐይቶ ነው የመጣው፤ ግን ይህን የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ከሱሌይማን በፊት በነበሩት ከሦስት መቶ በላይ ዓመታት ደግሞ ከተማዪቱ ቅጥር አልነበራትም ማለት ይቻላል። በ1219 አዩቢዶች የተባለው የሙስሊም ሥርወ መንግሥት ገዥ አል-ሙዐዘም ዒሳ፣ የመስቀል ጦረኞች ተመልሰው ቢይዟት ምሽግ እንዳያገኙ በማለት፣ የነበረውን ቅጥር አስፈርሶት ነበር። ከዚያ በኋላ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ የመጡት አባቶቻችን ያገኟት በአብዛኛው ክፍቷን የተቀመጠች ከተማ ነበረች።

አንድ ጊዜ ከጎጃም የመጡ፣ መጽሐፍ በቃላቸው የሚያውቁ አንድ የኔታ ይህን ስናገር ሰምተው ተቆጡኝ። «ልጄ፣ ሰሎሞን የኢየሩሳሌምን ቅጥር እንደ ሠራ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፎ የለምን?» አሉኝ። ተጽፏል፤ የኔታ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ያው መጽሐፍ መጨረሻው ላይ የባቢሎን ሠራዊት ቅጥሩን ዙሪያውን እንዳፈረሰው ይናገራል፤ ነህምያ በሌሊት በእንስሳ ተቀምጦ የዞረው ፍርስራሹን ነው። ነህምያ የጠገነውን ደግሞ ከእርሱ በኋላ የመጡት አስፋፉት፤ ሄሮድስ ጨመረበት፤ በ70 ዓ.ም. የሮማው ጥጦስ ከጥቂት ግንቦች በቀር አፈረሰው። በዚህ ሁሉ ላይ የሚጨመር፣ ብዙ ሰው ፈጽሞ ያላሰበው አንድ ነገር አለ፦ የዳዊትና የሰሎሞን ከተማ ያለችው ከዛሬው ቅጥር ውጭ ነው። ከተማዪቱ ከቤተ መቅደሱ ተራራ ወደ ደቡብ፣ ወደ ግዮን ምንጭ በምትወርደው ጠባብ ሸንተረር ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነበረች። ዛሬ በቅጥሩ ውስጥ የምናያቸው የክርስቲያኖችና የአርመኖች ሰፈሮች በሰሎሞን ዘመን ከከተማ ውጭ የነበረ ሜዳና ኮረብታ ናቸው። እንግዲህ ሰሎሞን ይህን ቅጥር ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ከተማውን ውጭ ትቶ በአብዛኛው ባዶ መሬት አጠረ ማለት ነው።

የኔታን ይዣቸው ወደ አይሁድ ሰፈር ሄድሁና በመኖሪያ ቤቶች መካከል ወደ ታች የተቆፈረውን ጉድጓድ አሳየኋቸው። እዚያ ውስጥ ሰባት ሜትር ውፍረት ያለው፣ ያልተጠረበ ድንጋይ የተከመረበት ግንብ ይታያል። በ1970ዎቹ በናሕማን አቪጋድ ቁፋሮ የተገኘው ይህ ግንብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት፣ አሦራውያን በሚመጡበት ዘመን፣ ንጉሥ ሕዝቅያስ ያሠራው እንደሆነ ይታመናል፤ ግንቡም የተሠራው በነበሩ ቤቶች ላይ ነው። የኔታ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያም ቅጥሩን ለማጽናት ቤቶች መፍረሳቸውን ነቢዩ ኢሳይያስ የተናገረውን በግእዝ አነበነቡት። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርሁት ሁሉ ያችን ደቂቃ አያህልም። የሚያሳዝነው ግን ተሳላሚዎች የሱሌይማንን ቅጥር ፎቶ ሲያነሡ ውለው ይህን ጉድጓድ ሳያዩ አጠገቡ ማለፋቸው ነው፤ ለማየት ክፍያ የለውም።

«ጎልጎታ ከከተማ ውጭ ነበር፤ የቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ግን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ቦታው ሊሆን አይችልም»

የመጀመሪያው ስሕተት ይህችን ይወልዳል፤ የምበሳጭበትም ምክንያት ይኸው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ እናቷን ከአሜሪካ ይዛ መጣች። እናትየው ይህን ጉዞ ለማድረግ ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ያጠራቀሙ ሴት ናቸው። ቅዱስ መቃብርን ተሳልመው፣ ደረጃውን ወጥተው ጎልጎታን ዳስሰው በወጡበት ሰዓት ልጅቱ በስልኳ ላይ ያነበበችውን ነገረቻቸው፦ ጌታ የተሰቀለው «ከበር ውጭ» እንደሆነ በዕብራውያን መልእክት ተጽፏል፤ ይህ ቦታ ከበር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የተሳለሙት የተሳሳተ ቦታ ነው። እናት መንገድ ዳር ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ ጠዋት ያፋ በር ላይ ስለ ቅጥሩ «ሰሎሞን ነው» ሲሉ ዝም ያልሁ ሰው ነበርሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ዝምታን የተውሁት።

ልጅቱ ጥቅሱን አልተሳሳተችም፤ የተሳሳተችው ቅጥሩን ነው። ጌታ በተሰቀለበት ጊዜ የከተማዪቱ ሰሜናዊ ቅጥር ከዛሬው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያልፍ ስለነበር ይህ ቦታ ከቅጥር ውጭ የቆየ የድንጋይ መፍለጫና የመቃብር ስፍራ ነበር። ከስቅለቱ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከ41 እስከ 44 የነገሠው ቀዳማዊ ሄሮድስ አግሪጳ፣ ሦስተኛ ቅጥር አስጀምሮ ሰሜኑን ሰፈር ወደ ከተማው አስገባው። ከዚያ በኋላ ቦታው «ውስጥ» ሆነ፤ እስከ ዛሬም ውስጥ ነው።

ማስረጃው ደግሞ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ። ከመቃብሩ ሕንጻ በስተ ጀርባ፣ ሶርያውያን በሚቀድሱበት የጠቆረ ክፍል ውስጥ፣ ዝቅ ብለው ሲገቡ በዓለት ውስጥ የተፈለፈሉ ጠባብ የመቃብር ጉድጓዶች ይታያሉ። በአንደኛው መቶ ዓመት አይሁድ ይቀብሩበት በነበረው ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። አይሁድ ሙታናቸውን በከተማ ቅጥር ውስጥ ስለማይቀብሩ እነዚህ ጉድጓዶች ብቻ ስፍራው በዚያን ጊዜ ውጭ እንደነበር ይመሰክራሉ። ባትሪ መብራት ይያዙ፤ ውስጡ ጨለማ ነው።

አንዳንዶች ከዚህ ጥርጣሬ የተነሣ ከደማስቆ በር ውጭ ወዳለው «የአትክልቱ መቃብር» ይሄዳሉ። ጸጥታው ለጸሎት መልካም ነው፤ ሂዱ አትሂዱ አልልም። ነገር ግን ስፍራው በስፋት የታወቀው እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን በ1883 ከመጣ በኋላ ሲሆን፣ መቃብሩን ያጠኑት አርኪዮሎጂስት ገብርኤል ባርካይ የተፈለፈለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው ወይም በሰባተኛው መቶ ዓመት እንደሆነ አሳይተዋል። ወንጌል የሚለው «ማንም ገና ያልተቀበረበት አዲስ መቃብር» ነው፤ የሰባት መቶ ዓመት መቃብር አዲስ አይባልም።

በሌላ በኩል ደግሞ «ሕንጻው ንግሥት እሌኒ እንዳሠራችው ነው ያለው» የሚሉም አሉ። ይህም ልክ አይደለም። ቆስጠንጢኖስ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን በ335 ተመረቀ፤ በ1009 የግብፁ ከሊፋ አል-ሐኪም አስፈረሰው፤ ዛሬ የምንገባበት አብዛኛው ሕንጻ የመስቀል ጦረኞች በ1149 የመረቁት ነው፤ ከመቃብሩ በላይ ያለው ትንሽ ሕንጻ ደግሞ ከ1808ቱ ቃጠሎ በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። ሆኖም በ2016 ለእድሳት እብነ በረዱ በተነሣ ጊዜ ከሥሩ የተገኘው የግንብ ማያያዣ ሲመረመር ዕድሜው ወደ 345 ዓ.ም. ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሕንጻው አዲስ ነው፤ ቦታው ግን በቆስጠንጢኖስ ዘመን ሰዎች ያከበሩት ያው ቦታ ነው። ሲገቡ ፊት ለፊት የሚያገኙትና ሁሉም ሰው ዘይትና ነጠላ የሚያሻሽበት የመገነዣው ድንጋይም፣ አሁን ያለው ንጣፍ የተነጠፈው በ1810 ነው። ይህን ማወቅ መሳለምን አይከለክልም፤ እኔም እሳለመዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጨምር። ቤተ ክርስቲያኑ የሚከፈተው ገና ሳይነጋ ነው፤ ቁልፉን የሚይዙትና በሩን የሚከፍቱትም ከጥንት ጀምሮ ሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የመጣ ሰው ረጅም ሰልፍ ቆሞ መቃብሩ ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የመጣ ግን ተንበርክኮ መዝሙር የሚጨርስበት ጊዜ ያገኛል። ቁርስ ይዘግይ።

«የልቅሶው ግንብ የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ግድግዳ ነው»

እንደገና ሰሎሞን! የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ ባቢሎናውያን ያፈረሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ነው። አይሁድ የሚጸልዩበት የምዕራቡ ግንብ ንጉሥ ሄሮድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ20 ገደማ የቤተ መቅደሱን ተራራ ለማስፋት ያስጀመረው የድጋፍ ግንብ ነው፤ አፈር እንዳይናድ የሚይዝ እንጂ የቤተ መቅደሱ ቤት ግድግዳ አይደለም። በ2011 ከግንቡ መሠረት ሥር በ17 ወይም በ18 ዓ.ም. ገደማ የተመቱ የነሐስ ሳንቲሞች መገኘታቸው፣ ሄሮድስ ከሞተ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶም ሥራው እንዳላለቀ አሳይቷል። በዮሐንስ ወንጌል «ይህ ቤተ መቅደስ ከአርባ ስድስት ዓመት ጀምሮ ይሠራ ነበር» የተባለውን ለሚያስታውስ ሰው ይህ አያስደንቅም።

«ታዲያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይቀርም ተብሎ የለም?» ብለው የሚጠይቁኝም ለዚሁ ነው የሚሳሳቱት። የተባለው ስለ ሕንጻዎቹ ነው፤ ሕንጻዎቹም በ70 ዓ.ም. ፈርሰዋል። ከግንቡ ደቡባዊ ጫፍ ባለው የአርኪዮሎጂ ስፍራ ከላይ የተወረወሩት ግዙፍ ድንጋዮች የጥንቱን መንገድ ንጣፍ እንደ ሰበሩት ተከምረው ይታያሉ። ግንቡ በጠቅላላው 488 ሜትር ይረዝማል፤ በአደባባዩ ላይ የሚታየው ግን ስድሳ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የቀረው አብዛኛው ከቤቶች በስተ ጀርባና ከመሬት በታች ስለሆነ በዋሻው ለመሄድ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ወንዶች ራሳቸውን ይሸፍኑ፤ ወንድና ሴት በየክፍላቸው ይገባሉ፤ በሰንበት ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው።

ሌሎች ትንንሽ ስሕተቶች

ያፋ በር አጠገብ ያለው «የዳዊት ግንብ» ዳዊትን አያውቀውም፤ የታችኛው ድንጋይ የሄሮድስ ነው፤ ከሩቅ የሚታየው ቀጭን ግንብ የኦቶማኖች የመስጊድ ሚናራ ነው። ውስጡ ግን የከተማዪቱን ታሪክ በቅደም ተከተል የሚያሳይ ጥሩ ሙዚየም ነው።

የወርቁ ጉልላት አል-አቅሳ መስጊድ አይደለም። ከሊፋ ዐብዱልመሊክ በ691 እና በ692 ያስጨረሰው የዓለቱ ጉልላት ነው፤ የአል-አቅሳ መስጊድ ጉልላት በስተ ደቡብ ያለው ግራጫው ነው፤ ሙስሊሞች ደግሞ ግቢውን በሙሉ አል-አቅሳ ይሉታል። ሙስሊም ያልሆነ ሰው በተወሰኑ ቀናትና ሰዓታት ወደ ግቢው በሙግራቢ በር መግባት ይችላል፤ ወደ ሕንጻዎቹ ግን አይገባም፤ መጽሐፍ ቅዱስና የጸሎት መጽሐፍ ይዞ ማለፍም አይፈቀድም።

የጌቴሴማኒ ወይራዎች ጌታ የጸለየባቸው ናቸው የሚለውን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በ2012 ይፋ ባደረጉት ጥናት ከስምንቱ ሽማግሌ ዛፎች የሦስቱ ግንድ በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት የበቀለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጥጦስ ከተማዪቱን ሲከብም በዙሪያዋ የነበሩትን ዛፎች እንዳስቆረጠ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ ጽፏል። ስምንት መቶ ዓመት ለዛፍ ትንሽ ዕድሜ አይደለም፤ ቅርንጫፍ አትስበሩ።

በምሥራቁ ቅጥር ላይ ያለው ወርቃማው በር ከስቅለት ጀምሮ ተዘግቶ አልቆየም፤ ለመጨረሻ ጊዜ በድንጋይ የዘጉት እነዚያው ኦቶማኖች ናቸው።

ጲላጦስ የተቀመጠበት «ጸፍጸፍ» እየተባለ በፍኖተ መስቀሉ አጠገብ ባለው የመነኮሳይያት ቤት ውስጥ የሚታየው የድንጋይ ንጣፍ፣ ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን በሁለተኛው መቶ ዓመት ካሠራው ከተማ ጋር የተያያዘ ነው።

ቤተልሔም የኢየሩሳሌም ሰፈር አይደለችም፤ በመካከል ኬላ አለ፤ ፓስፖርታችሁን ሆቴል ትታችሁ አትሂዱ። ይህን ስንት ጊዜ እንደ ተናገርሁ አላውቅም፤ ስንት ጊዜ ወደ ሆቴል እንደ ተመለስን ግን ሾፌሩ ያውቃል።

«ሙዚየም የቱሪስት ነው፤ እኛ የመጣነው ለበረከት ነው»

አንድ ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው የእስራኤል ሙዚየምን ከመርሐ ግብሩ ሰርዞ በምትኩ ግማሽ ቀን ለገበያ ሰጠ። ተሳላሚዎቹም በዚያ ግማሽ ቀን ከቻይና የመጣ የእንጨት መስቀል ገዙ። እኔ ደግሞ ሙዚየሙ መሄድ ያለበት በመጀመሪያው ቀን ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም እስከ አሁን ስለ ቅጥር የተናገርሁትን ሁሉ አንድ ሰው በግማሽ ሰዓት ቆሞ የሚረዳበት ስፍራ እዚያ አለ። በግቢው ውስጥ ኢየሩሳሌም ከ70 ዓ.ም. ጥፋት በፊት የነበራትን መልክ በ50 እጥፍ አሳንሶ የሚያሳይ በድንጋይ የተሠራ ምስል ተዘርግቷል። በ1966 በአንድ ሆቴል ግቢ የተሠራ ሲሆን ወደ ሙዚየሙ የተዛወረው በ2006 ነው። ሦስቱ ቅጥሮች ለየብቻቸው ይታያሉ፤ የዳዊት ከተማ በደቡብ በኩል እንደ ምላስ ወጥታ ትታያለች፤ የጎልጎታ ስፍራም ከሁለተኛው ቅጥር ውጭ፣ ከሦስተኛው ውስጥ ሆኖ ይገኛል። ያችን ከአሜሪካ የመጣች ልጅ በማግሥቱ የወሰድኋት እዚያ ነው። እናቷን ጠርታ በጣቷ አሳየቻቸው፤ ከዚያም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሰን ሄድን።

ከዚያ አልፎ በነጩ ጉልላት ሥር ያለው «የመጽሐፉ ቤተ መቅደስ» አለ። ጉልላቱ የሙት ባሕር ጥቅልሎች የተገኙበትን እንስራ ክዳን መልክ ይዞ የተሠራ ነው። ከ1947 ጀምሮ በኩምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅልሎች መካከል ሙሉው መጽሐፈ ኢሳይያስ 7.34 ሜትር ይረዝማል። በመካከለኛው ክብ ላይ ለብዙ ዓመታት ተዘርግቶ የታየው ቅጂው መሆኑን ልብ በሉ፤ ዋናውን ብርሃን ይጎዳዋል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ከኢሳይያስ ይልቅ ሌላ ነገር አለ። ዓለም ለብዙ ዘመን የረሳው፣ ሙሉው በግእዝ ብቻ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ፣ በእነዚያው ዋሻዎች በአራማይክ ተቆራርጦ ተገኝቷል፤ መጽሐፈ ኩፋሌም በዕብራይስጥ ተገኝቷል። አባቶቻችን የጠበቁት መጽሐፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በዚህች ምድር ይነበብ እንደነበር የሚያረጋግጥ ግኝት ነው። ይህ በረከት ካልሆነ በረከት ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም።

በአርኪዮሎጂ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሦስት ነገሮችን ሳታዩ አትውጡ፦ በ1961 በቂሳርያ የተገኘውን የጲላጦስ ስም የተቀረጸበትን ድንጋይ፣ በ1990 የተገኘውንና የቀያፋ ስም የተጻፈበትን የአጥንት ሣጥን፣ አሕዛብ ወደ ቤተ መቅደሱ አጥር ውስጥ እንዳይገቡ በግሪክኛ የሚያስጠነቅቀውን የድንጋይ ስባሪ። የዚህ የመጨረሻው ሙሉ ቅጂ ያለው በኢስታንቡል ነው፤ ሕዝቅያስ ያስቆፈረው 533 ሜትር የውኃ ዋሻ ሲጠናቀቅ የተጻፈው የሰሊሆም ጽሑፍም እዚያው ኢስታንቡል ይገኛል፤ በኦቶማኖች ዘመን ስለተገኙ ወደዚያ ተወሰዱ። «ቅዳሜ ሁሉም ዝግ ነው» የሚለውም ስሕተት እንደሆነ በዚሁ ልናገር፤ አውቶቡስ ይቆማል እንጂ ይህ ሙዚየም ቅዳሜም ይከፈታል፤ አብያተ ክርስቲያናትም ክፍት ናቸው። ጫማችሁ ይመች፤ ውኃ ያዙ፤ አረጋውያንን በመጀመሪያ ወደ ከተማዪቱ ምስል ውሰዷቸውና ለመቀመጥ ጊዜ ስጧቸው።

«በኢየሩሳሌም ያለን ጣሪያ ብቻ ነው»

ይህን የሚሉት በአብዛኛው የኢትዮጵያውያኑን ገዳም ዴር ሡልጣንን በቴሌቪዥን ያዩ ሰዎች ናቸው። ገዳሙ በእርግጥ በቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ባለው የንግሥት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ነው፤ በግቢው መካከል ብቅ ያለው ትንሽ ጉልላት የዚያ ቤት ጉልላት ነው። ነገር ግን ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አሉት፦ ላይኛው የአርባዕቱ እንስሳ፣ ታችኛው የቅዱስ ሚካኤል። ከ1970 ጀምሮ የሁለቱ ቁልፍ በኢትዮጵያውያን እጅ ነው፤ ከግብፃውያን ጋር ያለው የባለቤትነት ክርክር ግን አልተቋጨም። ከዚህ ሌላ በአዲሱ ከተማ፣ ኢትዮጵያ ተብሎ በሚጠራው መንገድ ላይ፣ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በ1893 በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት አለ። ብዙ ተሳላሚ ይህን ሳያይ ይመለሳል፤ ከያፋ በር በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ነው።

በአርባዕቱ እንስሳ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ንግሥተ ሳባ ሰሎሞንን ስትጎበኝ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አለ። እርሱንም «ጥንታዊ» የሚሉት አልጠፉም፤ ነገር ግን ከንጉሡ አጠገብ የቆሙት ሰዎች ጥቁር ባርኔጣና ረጅም ካፖርት የለበሱ፣ ከአውሮፓ የመጡ አይሁድን የሚመስሉ ናቸው፤ ሠዓሊው በመንገድ ላይ ያያቸውን ሰዎች ነው የሣለው። ሰሎሞንን ማየት ለሚፈልግ ሰው እንግዲህ እዚህ አለ፤ ከቅጥሩ ይልቅ ወደዚህ ይምጣ። ሥዕሉን አይተው ሲጨርሱ በውስጡ ባለው ጠባብ ደረጃ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ይወርዳሉ፤ ከዚያ ያለው ትንሽ በር በቀጥታ ወደ ቅዱስ መቃብሩ አደባባይ ያወጣል። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጅም ሰው ራሱን ይጠብቅ።